በጋዜጣ የተጠቀለለው የዱቤ መዝገብ

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት ፒያሳ ቡና ስንጠጣ አንዲት ወጣት የዘርፍ ማኅበር ጸሐፊ፣ «መንግሥት በረቂቅ ሕግ ላይ አስተያየት ስጡ ብሎ ሲጠራን ምን ይዘን እንሂድ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ከሃያ ዓመት በላይ አብሮኝ የኖረ ጸጸት ቀሰቀሰብኝ።

ተጨማሪ እሴት ታክስ በ1995 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል የማተሚያ ቤቶች ማኅበር ጸሐፊ ነበርሁ። አባሎቻችንን ያስጨነቃቸው 15 በመቶው ብቻ አልነበረም፤ ታክሱ የሚታሰበው ደረሰኝ ሲቆረጥ፣ የዱቤ ደንበኛ የሚከፍለው ግን ከሦስትና ከአራት ወር በኋላ በመሆኑ፣ አታሚው ገና ያልተቀበለውን ገንዘብ ታክስ በሚቀጥለው ወር ከኪሱ ማስገባት ነበረበት።

ለውይይት በተጠራን ቀን አንድ አዛውንት አባላችን የዱቤ መዝገባቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው፣ በብብታቸው ይዘው መጡ። በአዳራሹ በር ላይ ገለጥ አድርገው አሳዩኝ፤ የደንበኛው ስም፣ ደረሰኙ የተቆረጠበት ቀንና ገንዘቡ የገባበት ቀን በሦስት ረድፍ ሰፍሯል፣ ያልተከፈለው በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበታል። እኔ ግን «ጋሼ፣ ዛሬ ትልቁን ጉዳይ እናቅርብ፤ ይህ የእርስዎ የግል ነው» አልኋቸው። ከዚያም ተነሥቼ የግሉ ዘርፍ ለልማት ስላለው ሚና ሩብ ሰዓት ያህል ተናገርሁ። መድረኩን የሚመሩት ኃላፊ በትዕግሥት አዳምጠውኝ ሲያበቁ፣ «ከአባሎቻችሁ ስንቱ በዱቤ ይሸጣል? ገንዘቡስ በስንት ቀን ይገባል?» ሲሉ ጠየቁኝ። መልሱ ከኋላዬ፣ በአዛውንቱ ጭን ላይ እንደተጠቀለለ ነበር፤ ዞር ብዬ መጠየቅ ግን አፈርሁ። ውይይቱ ወደ ሌላ ርእስ አለፈ። እኒያ ሰው በዓመቱ ከሁለት ማሽኖቻቸው አንዱን ሸጡ፤ አንድም ቀን ግን አልወቀሱኝም።

አዋጅ ቁጥር 341/1995 የንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤቶችን ስላቋቋመ፣ አስተያየታችሁ ወደ መንግሥት በየትኛው በር እንደሚገባ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። የዛሬ ወጣቶች አቤቱታውን ለመሥሪያ ቤቱ ሳያስገቡ በቴሌግራም ማሰራጨታችሁን አልወደውም፤ የሚመለከተውን ባለሥልጣን ገና ሳያነበው ተከላካይ ታደርጉታላችሁ። ይሁን እንጂ በ2009 ዓ.ም. የደረጃ ሐ ግብር ከፋዮች፣ ማለትም ትንንሾቹ ነጋዴዎች፣ ግብር ሰብሳቢው በጣለባቸው የቀን ገቢ ግምት ላይ ድምፃቸውን ባያሰሙ ኖሮ ቅሬታቸው እንደገና ይታይ ነበር ብዬም አላምን። ብዙዎቹ መዝገብ ስላልነበራቸው ግምቱን የሚያፈርሱበት ማስረጃ አጥተው ሲቸገሩ ሳይ ግን ያ የጋዜጣ ጥቅል ትዝ ይለኝ ነበር።

ከወጣቷ ጋር ሳንለያይ ሦስቱን ረድፎች በወረቀት ላይ አሰመርሁላት። እስከ ወሩ መጨረሻ የሃያ አባሎቿን መዝገብ ሰብስባ ልታሳየኝ ተቀጣጥረናል።