የጌም ኮምፒውተር በጣና ዳር፦ ከዕቃው በፊት ዋቱን ቁጠር

ጥያቄ፦ የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። የመጀመሪያዬን ጠንካራ የጌም ኮምፒውተር ልገጣጥም ነው። ያሰብኩት ኮር አይ9-14900ኬ፣ አርቲኤክስ 5070 ቲአይ፣ ባለ 360 ሚሊ ሜትር የውኃ ማቀዝቀዣ፣ ፊቱም ጎኑም መስታወት የሆነ ኬዝና 650 ዋት ፓወር ሰፕላይ ነው። ክፍሌ 3 በ3 ተኩል ሜትር ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ሆኖ ኮርኒስ አለው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ላፕቶፔ እንኳ አልቻለውም። ዕቃውን የማስመጣው ከአዲስ አበባ ነው። ምን ልቀይር?

መልስ፦ ግራፊክስ ካርዱን አትንካው፤ ሌላውን ሁሉ ቀይረው። የጻፍካቸው ዕቃዎች ለየብቻ ሲታዩ ክፉ አይደሉም። አንድ ላይ ሲገጠሙ ግን ብዙ ሙቀት የሚያመነጭ ማሽን አየር በማይገባበት ሳጥን ታፍኖ፣ በቅጡ በማይበቃው ኃይል ሊሠራ ነው። ኮምፒውተር ከሶኬት የሚስባት እያንዳንዷ ዋት መጨረሻዋ ሙቀት ነው። ውኃም ሆነ አየር ሙቀቱን ከቺፑ ላይ አንስቶ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረዋል እንጂ አያጠፋውም። ያ ሌላ ቦታ ደግሞ ክፍልህ ነው።

እንቁጠር። ግራፊክስ ካርዱ፣ 5070 ቲአይ፣ እስከ 300 ዋት ይወስዳል። 14900ኬ ሙሉ ጭነት ላይ እስከ 253 ዋት የተፈቀደለት የኢንቴል ፕሮሰሰር ነው፤ ገደቡን ፈትተው ከዚያ በላይ የሚለቁት ማዘርቦርዶችም አሉ። ጌም ላይ ያን ያህል ባይደርስም ከ100 ዋት ማለፉ የተለመደ ነው። በሱ ፋንታ የኤኤምዲውን ራይዘን 7 9800ኤክስ3ዲ ውሰድ፤ ዋጋው ከከበደህ 7800ኤክስ3ዲ። ሁለቱም 96 ሜጋ ባይት ኤል3 ካሽ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ፈጣን ማኅደረ ትውስታ) አላቸው፤ ጌም የሚወደውም ይህንኑ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጌም ላይ ከ100 ዋት በታች እየበሉ ከ14900ኬ የተሻለ ፍሬም (በሰከንድ የሚታይ ምስል) ይሰጣሉ። በዚያ ላይ የ13ኛውና የ14ኛው ትውልድ ጠንካራ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በቮልቴጅ ምክንያት እየተጎዱ ማሽን እንደሚያናጉ ኩባንያው ራሱ በ2024 እ.ኤ.አ. አምኖ፣ የባዮስ (ማሽኑን የሚያስነሳው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ማስተካከያ አውጥቷል፤ የዋስትናውንም ጊዜ በሁለት ዓመት አራዝሟል። ዋስትና ለማስፈጸም አዲስ አበባ ድረስ ለሚመላለስ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወደ አየሩ እንምጣ። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር በ20 ከመቶ ያህል የሳሳ ነው። ፋን በሰዓት የሚገፋው የአየር መጠን ብዙም አይለወጥም፤ ሙቀት የሚሸከመው ግን የአየሩ ክብደት ስለሆነ ያው ፋን እዚህ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። በኬዝህ ውስጥ በሰዓት 100 ሜትር ኩብ አየር ያልፋል፣ ውስጡ ደግሞ 500 ዋት ይነዳል እንበል። ጅቡቲ ላይ የሚወጣው አየር ከገባው በ15 ዲግሪ ይሞቃል፤ ባሕር ዳር ላይ በ19 ዲግሪ ይሞቃል። ሚያዝያ ላይ ክፍልህ 30 ዲግሪ ከደረሰ ከኋላ የሚወጣው አየር ወደ 50 ተጠጋ ማለት ነው። ዩቲዩብ ላይ የምታያቸው ሙከራዎች አብዛኞቹ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ በሆነ ክፍል፣ ዝቅ ባለ አገር የተሠሩ ናቸው። ቁጥራቸውን እንዳለ አትውሰድ፤ 10 ዲግሪ ያህል ጨምርበት።

የውኃ ማቀዝቀዣውን የማልመክርህ ክፉ ስለሆነ አይደለም። ከ400 ዋት በላይ ከሚሆነው ሙቀትህ 300ው የግራፊክስ ካርዱ ነው፤ የውኃ ማቀዝቀዣው ደግሞ እሱን አይነካውም። ራዲያተሩን ፊት ለፊት ከገጠምከው ጭራሽ የሞቀ አየር ወደ ካርዱ ይነፋል። 9800ኤክስ3ዲን ጌም ላይ ለማብረድ ሁለት ማማ (የብረት ክንፎች ክምር)፣ ስድስት የመዳብ ቱቦና ሁለት ባለ 120 ፋን ያለው የአየር ኩለር ይበቃዋል። ቴርማልራይት ፒርለስ አሳሲን 120 ኤስኢ ለዚህ ሥራ ዋጋውን የሚያህል ተፎካካሪ የለውም፤ ገንዘብ ከተረፈህ ኖክቱዋ ኤንኤች-ዲ15። የአየር ኩለር ቢበላሽ የሚበላሸው ፋኑ ነው፤ ባለ 120 ፋን የትም ይገኛል። የውኃው ፓምፕ ከቆመ ግን ዕቃው በሙሉ ተጥሎ ሌላ እስኪመጣ ማሽኑ ይቆማል። የለም፣ ውኃው ይሁንልኝ ካልክ ራዲያተሩ ከላይ፣ ፓምፑ ከራዲያተሩ ጫፍ ዝቅ ብሎ ይገጠም፤ አለዚያ የአየር አረፋ ፓምፑ ላይ ተከማችቶ ያንጎራጉራል፣ ዕድሜውንም ያሳጥራል።

ኬዝ ስትመርጥ መጀመሪያ ፊቱን እይ። ወንፊት መሆን አለበት። መስታወት ፊት ያለው ኬዝ በጎን ባለች ጠባብ ስንጥቅ ስለሚተነፍስ ፋን ብትደረድርለትም ታፍኖ ነው የሚውለው። ሦስት ባለ 120 ወይም ሁለት ባለ 140 ፋን ከፊት ያስገቡ፣ አንድ ከኋላ ያስወጣ። ከላይ መጨመር ካማረህ አንድ ብቻ፣ እሱም በኋላው ጥግ ላይ። ከላይ በፊተኛው በኩል የተገጠመ አስወጪ ፋን ገና ኩለሩ ያልደረሰውን ንጹሕ አየር ቀድሞ ይሰርቃል። የሚገባው ከሚወጣው በለጥ ሲል አቧራ በየስንጥቁ አይሳብም፤ ማጣሪያ ባለበት በኩል ብቻ ይገባል። የፋኑን አቅጣጫ ለማወቅ መሐሉን የሚደግፉትን ማገሮች ተመልከት፤ ማገር ያለበት ጎን አየር የሚወጣበት ነው። ከመክፈልህ በፊት ሦስት ቁጥር አመሳክር፦ ኬዙ የሚችለው የኩለር ቁመት ከ165 ሚሊ ሜትር አይነስ፣ የካርዱ ርዝመት ከኬዙ ልክ ላይ የፊት ፋን ውፍረት 25 ሚሊ ሜትር ተቀንሶ ይግባ፣ ራሙም የኩለሩን የፊት ፋን የሚያስነሳ ረጅም ክዳን አይኑረው።

የሚያበሩ ባለ ቀለም ፋኖች ሐይቅ አጠገብ ላለ ሰው አይመቹም። ማታ መስኮት ተከፍቶ ሲያበሩ ትንኙን ሁሉ ይጠራሉ፤ ትንኙም ማጣሪያው ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ካሉህም ሲመሽ አጥፋቸው፤ መስኮቱ ላይ ደግሞ የትንኝ ወንፊት ይኑር። ለወባውም ያው ነው።

ሌሎቹን ባጭሩ። ማዘርቦርድ ቢ650 ወይም ቢ850፣ ያለ ፕሮሰሰር በፍላሽ ባዮስ የሚጫንበት ቁልፍ ያለው ይሁን፤ የቆየ ቢ650 ባዮሱ ካልታደሰ 9800ኤክስ3ዲን አያውቀውም። ራም 32 ጊጋ፣ 16 ጊጋ በሁለት፣ ዲዲአር5-6000 ሲኤል30። አራት ፍሬ አትሰካ፤ ፍጥነቱ ይወርዳል። ኤስኤስዲ 2 ቴራ ጄን 4 ኤንቪኤምኢ፤ ጄን 5 ይግላል እንጂ ለጌም የሚጨምረው የለም።

ፓወር ሰፕላዩ ላይ አትሰስት። ለ5070 ቲአይ አምራቹ የሚመክረው 750 ዋት ነው፤ አንተ 850 ዋት፣ የብቃት ደረጃው ጎልድ፣ ኤቲኤክስ 3.1 የሚል የሆነውን ውሰድ። ካርዱ ለሚሊ ሰከንዶች ከ300 ዋት አልፎ ስለሚዘል 650ው ድንገት ሊያጠፋብህ ይችላል። ከሁሉ በፊት ግን ጀርባው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብብ፤ የሚቀበለው ቮልት ከ100 እስከ 240 መሆን አለበት። ከ200 እስከ 240 ብቻ የሚል ከሆነ ማታ ኃይሉ ሲወርድ የመጀመሪያው ተጎጂ እሱ ነው።

ስለ መብራት፦ ጌም ላይ ሞኒተሩን ጨምሮ ከሶኬት ወደ 540 ዋት ትስባለህ። 650 ቪኤ የተጻፈባቸው ትንንሽ ዩፒኤሶች (መብራት ሲሄድ የሚያቆዩ ባትሪዎች) የሚሰጡት 400 ዋት እንኳ አይሞላም፤ መብራት በሄደባት ቅጽበት ከነማሽኑ ይጠፋሉ። 1500 ቪኤ፣ 900 ዋት፣ ንጹሕ ሳይን ዌቭ (እንደ ግድግዳው መብራት የተስተካከለ ሞገድ) የሆነ ፈልግ። ሞገዱ የተኮረጀ ዩፒኤስ ከዘመናዊ ፓወር ሰፕላይ ጋር አንዳንዴ አይግባባም። ዓላማው አምስት ደቂቃ አግኝቶ በሥርዓት መዝጋት ነው፤ ጌም መቀጠል አይደለም። ባዮስ ውስጥ መብራት ሲመለስ ማሽኑ ራሱ እንዳይነሳ አድርግ፤ የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ ሲመለስ የሚመጣው ምት ነው። ፍሪጅና ኮምፒውተር በአንድ ዲቫይደር አይሁኑ። ኬዙን ስትነካው ጣትህን ከነዘረህ ሶኬቱ የመሬት ሽቦ የለውም ማለት ነው፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሳትጠራ አትገጣጥም።

ተገጣጥሞ ከሆነ የሚመጣው፣ መንገዱ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የአባይ በረሃ ጠመዝማዛም አለበት። ግራፊክስ ካርዱና ኩለሩ ተነቅለው በየካርቶናቸው ይምጡ። ሁለቱም ከኪሎ በላይ ሊመዝኑ ይችላሉ፤ ተሰቅለው ከተንገላቱ የካርዱን መሰኪያ ይሰብራሉ፣ ማዘርቦርዱንም ያጎብጣሉ። በክረምት ሌሊቱን ተጉዞ ከደረሰ ካርቶኑን ሳትከፍት ሁለት ሰዓት አሳርፈው፤ ቀዝቃዛ ብረት እርጥብ አየር ሲነካው ያልበዋል።

ስትገጥም የኩለሩ መሠረት ላይ ያለውን ስስ ፕላስቲክ ንቀል፤ ሰው ሁሉ የሚረሳው እሱን ነው። ቴርማል ፔስት መሐል ላይ የአተር ፍሬ ታህል፣ ወደ አራቱ ማዕዘን ደግሞ አራት ትንንሽ ነጠብጣብ። ብሎኖቹን አንዱን ጨርሰህ ወደ ሌላው አትሂድ፤ ካቻቢቴውን እያፈራረቅህ ጥቂት ጥቂት አጥብቅ። የካርዱን የኃይል ገመድ (12ቪ-2ኤክስ6) ክፍተት እስካይታይ ድረስ ግፋ፤ ከመሰኪያው 35 ሚሊ ሜትር ሳይርቅም አታጥፈው። በግማሽ የተሰካ ጭነቱ በጥቂት እግሮች ላይ ያርፍና ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል። መጀመሪያ ስታበራው ስክሪኑ ለደቂቃዎች ጥቁር ሊሆን ይችላል፤ ራሙን እየለመደ ነውና አታጥፋው። ከዚያ ባዮስ ገብተህ ኤክስፖን (ራሙን በተጻፈበት ፍጥነት የሚያሠራውን ምርጫ) አብራ፤ ካላበራኸው የ6000 ራም በ4800 ነው የሚሠራው።

ዊንዶውስ ከተጫነ በኋላ ለ30 ደቂቃ ከባድ ጌም አጫውትና ኤችደብሊውኢንፎ በሚባለው ፕሮግራም ላይ ሙቀቱን እይ፤ የክፍሉንም በቴርሞሜትር ለካ። ክፍሉ 28 ሆኖ ካርዱ ከ65 እስከ 75፣ ፕሮሰሰሩ ከ80 በታች ከሆነ ተኛ። ከዚያ ካለፈ የጎኑን ክዳን ክፈትና ድገመው። ከ5 ዲግሪ በላይ ከወረደ ጥፋቱ የኬዙ አየር ነው፤ ካልወረደ የኩለሩን አገጣጠም ፈትሽ። የኬዝ ፋኖቹ የፕሮሰሰሩን ሳይሆን የካርዱን ሙቀት ተከትለው ይፍጠኑ፤ ፕሮሰሰር በየሰከንዱ ስለሚዘል ፋኑን ያስጮኸዋል።

ከዚያ አፍተርበርነር በሚባለው ፕሮግራም የካርዱን ኃይል ወደ 85 ከመቶ አውርድ፤ 45 ዋት ይቀንስልህና የሚጠፋህ ጥቂት ፍሬም ብቻ ነው። ፕሮሰሰሩ ላይ ቮልቴጁን የሚቀንሰውን ከርቭ ኦፕቲማይዘርን ኔጌቲቭ 15 ላይ ጀምር፤ ማሽኑ ከተናጋ ወደ 10 መልሰው። ሞኒተርህ 144 ኸርዝ ከሆነ ፍሬሙን 140 ላይ ገድበው። ክፍልህ ውስጥ የግማሽ ኪሎ ዋት ምድጃ እንደጣድክ ቁጠረው፤ ቆርቆሮው በጋለበት ቀትር ላይ ይህ ቅነሳ ከየትኛውም ኩለር ይበልጥ ይሰማሃል። በርና መስኮቱም ተከፍቶ አየሩ ይተላለፍ።

ኬዙን መሬት ላይ አታስቀምጠው፤ ወለል ሲታጠብ የሚረጨውንም ሲጠረግ የሚነሳውንም የሚጠጣው እሱ ነው። ከግድግዳው 15 ሳንቲ ሜትር ራቅ አድርገህ ጠረጴዛ ላይ አውጣው። ቡና የሚቆላበትና ዕጣን የሚጨስበት ክፍልም አይሁን፤ ጭሱ ፋኑና ማጣሪያው ላይ ሙጫ ሆኖ ይቀራል፣ ከዚያ በኋላ አቧራው በብሩሽ አይለቅም። በበጋ የፊቱን ማጣሪያ በ15 ቀን አንዴ በውኃ እጠብ፣ ሲደርቅ ብቻ መልስ። ውስጡን በእጅ መንፊያ ንፋ፤ ፋኖቹን በጣትህ ያዝ፣ በንፋስ ኃይል ከተሽከረከሩ ኩሽኔታቸው ይጎዳል። ጎሚስታ ወይም ላቫጆ ወስደህ በኮምፕረሰር አታስነፋ፤ ጋኑ ውስጥ የተጠራቀመው ውኃና ዘይት ከአየሩ ጋር ወጥቶ ማዘርቦርዱ ላይ ያርፋል።