«ይገዛሉ»፦ ገዢዎች ናቸው ወይስ ተገዢዎች?

ጥያቄ፦ እዚህ አዳማ በመጽሐፍ ቅዱስ ጥናታችን ላይ ኤርምያስ 25፥11 አከራከረን። «እነዚህም አሕዛብ ለባቢሎን ንጉሥ ሰባ ዓመት ይገዛሉ» ይላል። አንዱ «ይገዛሉ ማለት ገዢ ይሆናሉ ነው» አለ። ሌላው ደግሞ ሰባው ዓመት የሚቆጠረው ኢየሩሳሌም ከፈረሰችበት ጊዜ ጀምሮ ነው ብሎ ድርቅ አለ። ቋንቋው ለማን ይፈርዳል?

መልስ፦ የመጀመሪያውን ያሳሳተው ፊደላችን ነው፤ ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። «ነጋዴው ሽንኩርት ይገዛል» ስንል «ገ»ም «ዛ»ም ይላላሉ፤ «ሽንኩርቱ ይገዛል» ስንል ሁለቱም ይጠብቃሉ። አዳማ ገበያ ውስጥ ይህ የሚምታታበት ሰው የለም፤ ወረቀት ላይ ግን አንድ ናቸው። በጥቅሱ ዳኛው «ለ» ነው። «ንጉሡን ይገዛሉ» ቢል ኖሮ አሕዛቡ ገዢዎች በሆኑ ነበር። «ለንጉሥ ይገዛሉ» ሲል ግን ይታዘዛሉ፣ ይገብራሉ ማለት ነው፤ አሕዛቡ ለንጉሡ ገበያ ወጡለት ካላልን በቀር።

ሁለተኛው ክርክር ይከብዳል፤ መገዛትና መማረክ ስለተደባለቁበት ነው። ኤርምያስ 27፥11 አንገቱን ከባቢሎን ንጉሥ ቀንበር በታች ያደረገ ሕዝብ በገዛ ምድሩ እንደሚቀመጥና እንደሚያርሳት ይናገራል። ስለዚህ ሰው አገሩ ተቀምጦም ይገዛል (አጥብቀው ያንብቡት!)። የግሡ ባለቤትም «እነዚህ አሕዛብ» እንጂ ይሁዳ ብቻዋን አይደለችም። ኢየሩሳሌም የፈረሰችው በ587 ወይም በ586 ከክርስቶስ ልደት በፊት ነው፤ ናቡከደነፆር ግን ግብጾችን በካርኬሚሽ ድል አድርጎ አካባቢውን መጠቅለል የጀመረው በ605 ነው። በ25፥12 መሠረት ሰባው ዓመት ሲፈጸም የባቢሎን ንጉሥ ይቀጣል፤ ባቢሎን በቂሮስ እጅ የወደቀችው በ539 ነው። ከ587 እስከ 539 ያለው አርባ ስምንት ዓመት ብቻ ነው። ልክ ሰባ የሚፈልጉ ከባቢሎን በፊት ኃያል የነበረው የአሦር መንግሥት ቅሪት ከካራን ከተማ ከጠፋበት ከ609 ይጀምራሉ፤ ከ605 የሚጀምሩት ደግሞ ሰባን ለተጠጋጋ ቁጥር ይወስዱታል። እኔ ወደ 609 አደላለሁ፤ ነገር ግን ይህን የሚያስመርጠኝ ታሪኩ እንጂ ሰዋስው አይደለም።

«ታዲያ 29፥10 ‹ሰባው ዓመት በባቢሎን በተፈጸመ ጊዜ› አይልም ወይ?» የሚል አይጠፋም። በዕብራይስጡ «ባቢሎን» በሚለው ቃል ላይ የተቀጠለው «ለ» ነው፤ የእኛው «ለ» የሥጋ ዘመድ። «ለባቢሎን ሰባ ዓመት ሲሞላላት» ብሎ ማንበቡ ይቀናል፤ ያኔ ዘመኑ የባቢሎን ሥልጣን ዕድሜ እንጂ የምርኮኞቹ ቆይታ አይሆንም። «በ» ብለው የሚተረጉሙም መሠረት አላቸው፤ ዕብራይስጡ «ለ» አልፎ አልፎ ቦታን ያመለክታልና። ይሁንና ጥቅሱ ያለበት፣ ኤርምያስ በባቢሎን ላሉት ምርኮኞች የጻፈው ደብዳቤ የተላከው ከ597ቱ ምርኮ በኋላ፣ ከተማይቱ ገና ሳትፈርስ ነው። ተቀባዮቹ ገና ካልደረሰ ጥፋት ጀምረው እንዲቆጥሩ ታዘዋል ማለት ያስቸግራል።

ከመቅደሱ መቃጠል የሚቆጠር ሰባ ዓመት የሚፈልግ ሰው ዘካርያስ 7፥5ን ይመልከት፤ በ518 የተነገረ ስለሆነ እዚያ ሒሳቡ ይቀርባል። ያ ግን የጾምና የልቅሶ ሰባ ነው፤ ከመገዛቱ ሰባ ጋር ማጋጨት አያስፈልግም።

ለጥናት ቡድኑ ማስታወሻ ሲያዘጋጁ «ይገዛሉ» ከሚለው ቀጥሎ በቅንፍ «ተገዢ ይሆናሉ» ብለው ይጻፉ። ድምፅዎን አሰምተው ሲያነቡ ደግሞ «ገ»ንም «ዛ»ንም ጠበቅ ያድርጓቸው።