አንድ ዛፍ ያዙና ተመላለሱበት

ሰላም ልጆች፣ እኔ 31 አመት ሙሉ ነርስ ሆኜ የሰራሁ ሰው ነኝ፣ አብዛኛውን ጊዜ ኦፕሬሽን የተደረጉ ሰዎች የሚተኙበት ዋርድ ነበርኩ። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ወጣቶች ሲያገኙኝ ስለ ስራ ስለ ትምህርት ምናምን ይጠይቁኛል፣ እኔ ደሞ ስለ ዛፍ እነግራቸዋለሁ፣ ይስቁብኛል። ይሳቁ።

ነገሩ የጀመረው በጣም ዝዬ በነበረበት ሰሞን ነው። ሌሊት ተረኛ ሆኜ አድሬ ስወጣ ቀጥታ ቤት መግባት ያስጠላኛል፣ የሞኒተሩ ጢጥ ጢጥ ጆሮዬ ውስጥ አይቆምም፣ ብተኛም አይቆምም። ከህንፃው ጀርባ አንድ ትልቅ ዛፍ ነበር፣ እዛ ስር ሄጄ ሀያ ደቂቃ ቁጭ እላለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያሰለቹ ነበር። ስልኬን አወጣለሁ፣ እመልሳለሁ፣ ደሞ አወጣለሁ። ተፈጥሮ ውስጥ ሰላም አገኘሁ የሚሉት ነገር እኔ ጋ አልመጣም፣ ዛፉ ዛፍ ነው እኔም ደክሞኛል፣ በቃ።

መቼ እንደተለወጠ አላውቅም። ብቻ አንድ ጠዋት ጉንዳኖቹ መንገድ መቀየራቸውን ልብ አልኩ፣ ትናንት በግራ በኩል ነበር የሚወጡት። ይሄን ለማወቅ ትናንት እዛ መኖር አለብህ እኮ። አንድ ቀን ሄዶ ፎቶ አንስቶ ፖስት ያደረገ ሰው ቦታውን አይቶታል እንጂ አያውቀውም። ሩቅ አትሂዱ አልልም፣ ሂዱ፣ ግን ሩቁን በአመት አንዴ ነው የምታገኙት።

ጥናት ለምትወዱ፣ ሮጀር ኡልሪክ የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣው አለ፣ የሀሞት ከረጢት ኦፕሬሽን የተደረጉ 46 ሰዎችን መዝገብ አይቶ፣ ግማሾቹ በመስኮታቸው ዛፍ ይታያቸዋል፣ ግማሾቹ የጡብ ግድግዳ። ዛፍ የሚያዩት ቶሎ ወጡ፣ ጠንከር ያለ የህመም ማስታገሻም ትንሽ ነው የወሰዱት። ሳነበው አልገረመኝም፣ የእኛም ታካሚዎች የመስኮቱን አልጋ ይለምኑን ነበር፣ እኛ ግን ቀድሞ ለመጣ ነበር የምንሰጠው፣ አሁን ሳስበው ይቆጨኛል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ሌላም አለ፣ እንግሊዝ ውስጥ ወደ 20 ሺህ ሰው የተጠየቀበት፣ በሳምንት 120 ደቂቃና ከዛ በላይ ተፈጥሮ ውስጥ የሚያሳልፉት ጤናችንም ኑሯችንም ደህና ነው ብለዋል፣ በአንዴም ይሁን ተከፋፍሎ ለውጥ የለውም። መጀመሪያውኑ ጤነኛ የሆነው ሰው ነው በብዛት የሚወጣው ልትሉ ትችላላችሁ፣ ልክ ናችሁ፣ እኔም ብያለሁ። ደሞ ከአልጋ መነሳት ያቃተው ሰው ባለሙያ ጋ ይሂድ፣ ዛፍ መድሀኒት ነው ብዬ አልዋሽም።

ብቸኝነት ስለሚሰማችሁ ልጆች ግን ይቺን ልጨምር። ጋሼ የምንለው የግቢው አትክልተኛ ነበር፣ ለ9 አመት በአጠገቡ ሳልፍ ከአንገት ሰላምታ በላይ ተነጋግረን አናውቅም። እዛ መቀመጤን ሲያይ መጣና የዛፉን ስም ነገረኝ፣ አፈርኩ፣ ለካ ስሙን እንኳን አልጠየቅኩም። ከዛ በኋላ በየጠዋቱ ወሬ አለን፣ የትኛው ቅርንጫፍ እንደታመመ፣ ዝናብ መቼ እንደሚመጣ። ሁለታችንም አንድ ነገር እያየን ስለነበር ወሬ መፈለግ አላስቸገረንም።

አንድ ጠዋት ሸማኔ ወፍ ጎጆ ሲሰራ ደረስኩ። ወንዱ ነው የሚሰራው፣ ረጅም አረንጓዴ ሳር ሰንጥቆ ያመጣና በእግሩ ይዞ በአፉ ያሾልካል፣ ይጎትታል፣ ይቋጥራል፣ በአፍ ብቻ እኮ ነው፣ እኔ በአስር ጣቴ ቁስል ስሰፋ እንደዛ አላማረልኝም። ሲጨርስ ቁልቁል ተንጠልጥሎ ክንፉን እያራገበ ተጣራ። ሴቷ መጣች፣ ገባች፣ ውስጡን ጎተት ጎተት አድርጋ ፈተሸችው፣ ወጣችና በረረች። እሱ ትንሽ ዝም አለ፣ ከዛ የራሱን ቋጠሮ አንድ በአንድ መፍታት ጀመረ። እንቅልፌ ጠፋ። ጋሼ የውሃውን ጎማ እንደያዘ ከኋላዬ ቆሞ ኖሯል፣ "ሲስተር፣ ይሄ እኮ ሶስተኛው ነው" አለኝ።