ልጅዎ ጌም መማር ቢፈልግ

ውድ እህቴ፣ ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልጅዎ የ12ኛ ክፍል ፈተናውን ካለፈ በኋላ «ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የቪዲዮ ጌም ትምህርት መማር እፈልጋለሁ፤ በውጭ አገር ዲግሪ ይሰጥበታል» ብሎዎታል። እርስዎም ነገሩ እውነት እንደሆነና ሊከለክሉት ይገባ እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔም የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት እዚሁ አዳማ ይህንኑ ለአባቴ ብነግራቸው ሦስት ቀን ሙሉ አኩርፈውኛል፤ ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ልጅዎ አልዋሸም። ስኮትላንድ ውስጥ ዳንዲ የሚገኘው አበርቴይ ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ጌም ዲግሪ መስጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። የእንግሊዙ ስታፎርድሻየር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2018 የኢስፖርት፣ ማለትም የቪዲዮ ጌም ውድድር፣ ዲግሪ ከፍቷል። ቺካጎ የነበረው ሮበርት ሞሪስ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ የተባለውን የቪዲዮ ጌም ለሚጫወቱ ተማሪዎች፣ ልክ ለኳስ ተጫዋቾች እንደሚደረገው፣ የነፃ ትምህርት ዕድል ሰጥቷል።

እነዚህ ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ጌም መሥራትን ያስተምራል፤ ሒሳብና ፕሮግራሚንግ ነው። ሁለተኛው ውድድር ማዘጋጀትን፣ ስርጭትንና የገበያ ሥራን ነው። በሦስተኛው ተማሪው ሌላ ትምህርት ይማራል፤ ገንዘቡ የተሰጠው ለቡድኑ ስለሚጫወት ነው። እንግዲህ ልጅዎን ከመከልከልዎ በፊት «ከሦስቱ የቱን ነው የምትፈልገው?» ብለው ይጠይቁት። እኔን በጊዜው ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ለራሴ አላውቀውም ነበር።

ፖስታ ቤት አካባቢ አንድ ፕሌይስቴሽን ቤት ነበር፤ ተሸናፊ ከፍሎ ይነሣል፣ አሸናፊ ተቀምጦ ይቀጥላል። ብዙ ቀን ሳልነሣ እውል ስለነበር ተጫዋች የምሆን መሰለኝ። በኢንተርኔት ከውጭ ልጆች ጋር ስገጥም ግን በእጅ ቅልጥፍና የማይፈታ ነገር አገኘሁ። ብርሃን በፋይበር ገመድ ውስጥ በሴኮንድ ወደ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ሰርቨሩ፣ ማለትም ጨዋታውን የሚያስተናግደው ኮምፒውተር፣ 5 ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ አውሮፓ ካለ፣ ትእዛዜ ደርሶ መልሱ እስኪመጣ፣ ገመዱ ቀጥ ያለ ቢሆን እንኳ፣ 50 ሚሊሴኮንድ (የሴኮንድ አንድ ሃያኛ) ይፈጃል። ጌሙ በሴኮንድ 60 ጊዜ ሥዕሉን ይቀይራል፤ ስለዚህ ቢያንስ ሦስት ሥዕል ወደ ኋላ ቀርቼ ነው የምጫወተው። ገመዱም ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ መዘግየቱ ከዚህ በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ዶታ 2 የተባለው ጌም ትልቁ ውድድር ሽልማት ከ40 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደነበር ልጅዎ ሳይነግርዎት አይቀርም። እውነት ነው፤ ግን እዚያ መድረክ ላይ የሚቀመጡት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

እኔ በመጨረሻ የገባሁት ሶፍትዌር ምህንድስና ነው። ሁለተኛ ዓመት ላይ ገበጣን በኮምፒውተር ልሥራ ብዬ ተነሣሁ። በእኛ ሰፈር አጨዋወት 12 ጉድጓድ አለ፣ በየጉድጓዱ አራት አራት ጠጠር። የመጨረሻዋ ጠጠር ባዶ ጉድጓድ ላይ ካረፈች ተራው ያልቃል፤ ጠጠር ያለበት ላይ ካረፈች ግን ያንኑ ዘግኖ መዝራት ነው። ፕሮግራሙን ባስነሣው ማቆሚያ አጣ። ጠጠሮቹ ይዞራሉ፣ ይዞራሉ፣ ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለት ሌሊት አፈጠጥኩበት። በሦስተኛው አባቴ ከኋላዬ ቆመው ሲያዩ ቆዩና «ይኼ ማሽን ባዶውን ጉድጓድ መቼ ነው የሚያየው? ጠጠሯን ከጣለ በኋላማ ባዶ የሚባል የለም» አሉኝ። ልክ ነበሩ። ጉድጓዱ ባዶ መሆኑን የማጣራው ጠጠሯን ከጣልኩ በኋላ ነበር። «ባዶ ነው?» የሚለውን «አንድ ብቻ ነው?» በሚል ቀየርኩት፤ ጨዋታው ቆመ። ያን ሌሊት አባቴ ከኮምፒውተሩ ጋር ሲጫወቱ አመሹ፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ትምህርቴ ክፉ ቃል ከአፋቸው አልወጣም።

ስለዚህ እኔ ብሆን እዚሁ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሶፍትዌር ምህንድስና ወይም ኮምፒውተር ሳይንስና ምህንድስና እንዲሞክር እመክረዋለሁ። ጌም ለመሥራት ዲግሪው ላይ «ጌም» ተብሎ መጻፍ የለበትም። ፊዚክሱን እንዳይንቀው ብቻ ይንገሩት፤ በጌም ውስጥ አንድ ሰው ሲዘል የሚወጣውና የሚወርደው ክፍል ውስጥ በተማረው የስበት ቀመር ነው። ጎዶትና ብሌንደር የሚባሉት መሥሪያዎች በነፃ ይወርዳሉ፤ ለጀማሪ ሥራ ውድ ላፕቶፕ አያስፈልግም። ከአገራችንም ቅኔ ጌምስ ኩኩሉ የተባለውን የሞባይል ጌም ሠርቷል፤ አብራችሁ እዩት።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምንዎታለሁ፦ ለኢስፖርት ዲግሪ ብለው ቤት ወይም መሬት ሸጠው ውጭ እንዳይልኩት። እኔም ብሆን ዛሬ የምተዳደረው ለሆቴሎች የሒሳብ ፕሮግራም በመሥራት ነው፤ ጌሙ የማታና የእሑድ ሥራዬ ነው። ይህን የምለው ልጁን ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም፤ እንጀራውን ይዞ የሚወደውን ነገር ሳይለቅ እንዲዘልቅ ብዬ ነው።

ፈቃድዎ ከሆነ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይዘውት ይምጡ። የገበጣውን ኮድ እከፍትለታለሁ፤ ያችንም ስህተት መልሼ አስገባበታለሁ፣ ራሱ ይፈልጋት።