ሰው ቤት ገብታችሁ ለምታስታምሙ ልጆቼ

ድሬዳዋ ውስጥ አስታማሚ የሚፈልግ ቤት በዝቷል። ልጆች አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ናቸው፤ እናት ከዚራ ወይም ሳቢያን ሰፈር ብቻቸውን ቀርተዋል። ደላላ ይደውላል፣ እናንተም ዋስ ይዛችሁ ትገባላችሁ። በጥብቅና ሥራዬ ደሞዝ ቀርቶባቸው ከመጡኝ መካከል ብዙዎቹ እንዲህ የገቡ ነበሩ። የተጻፈ ነገር በእጁ ያለው ግን እምብዛም አልነበረም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። በሳምንት አንዴ ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት እረፍትም ይሰጣል። ይኸው አዋጅ ግን ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን አይመለከትም። የቤት ሠራተኛ፣ ሞግዚት፣ ቤተሰብ የቀጠራት አስታማሚ ከውጭ ቀሩ ማለት ነው። የእነሱን ጉዳይ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ይወስናል ተብሏል። ከእሱ በፊት የነበረው አዋጅ ቁጥር 377/1996ም ይህንኑ ብሎ ነበር። የእናታችንን ገላ ለምታጥብ ልጅ ይህን ያህል ማስጠበቅ ያሳፍራል፤ ዛሬም ያናድደኛል።

ድርጅት ቀጥሯችሁ በየቤቱ የሚልካችሁ ከሆነ ነገሩ ይለያል። እሱ ለትርፍ የሚሠራ ስለሆነ አዋጁን ጥቀሱበት። ቤተሰብ ለቀጠራችሁ ደግሞ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አለ። እዚያው የሚያድር ሠራተኛ ጤናና ክብር እንዲጠበቅ፣ ሲታመምም እንዲታከም አሠሪውን ያስገድዳል። የቀረውን የሚወስነው ውላችሁ ነው። በቃል የተስማማችሁትም ውል ነው፤ አሠሪው "አላልኩም" ካለ ግን ማስረዳቱ በእናንተ ላይ ይወድቃል።

ስለዚህ ከመግባታችሁ በፊት ጻፉ፤ አንድ ገጽ ይበቃል። በተለይ ሌሊቱን ጻፉ። "እዚያው ትተኛለሽ" ሲባል እረፍት ይመስላል። ቀን ምግብ ስትሠራና ልብስ ስታጥብ ውላ፣ ሌሊት ደጋግማ ለሽንት የምታነሳ ልጅ ግን ሥራዋ መቼ ነው የሚያልቀው? ሌሊት የምትነሱ ከሆነ ቀን የምትተኙበት ሰዓት በግልጽ ይቀመጥ። በድሬ ሙቀት ቀትር ላይ ከተማው ሁሉ ያርፋል። ያን ሰዓት ጠይቁ፤ ሕመምተኛውም ያን ጊዜ ይተኛሉ። ከባድ ሰው የሚያነሳ ሁለተኛ ሰው ማን እንደሆነም ይጻፍ። ወገብ አንዴ ከተጎዳ እንደ በፊቱ ላይሆን ይችላል። ጓንት የሚገዛው አሠሪው ነው።

"ደሞዝሽን እኔ ጋ አጠራቅምልሽ" ሲሏችሁ በትሕትና እምቢ በሉ። አብዛኛው ቤተሰብ ክፋት አስቦ አይልም፤ ግን አዛውንቷ ሲያርፉ ልጆቹ ሒሳቡን አያውቁትም። በባንክ ወይም በቴሌብር ይከፈላችሁ፤ የከፈሉበት መልእክት ማስረጃ ነው፣ አታጥፉት። መታወቂያችሁንም ለማንም አታስይዙ።

ጠብ ከመጣ ብቻችሁን አትከራከሩ። ዩኒቨርሲቲዎች የከፈቷቸው ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሉ፤ እዚያ ሂዱ። ከፋዮቹ ልጆች ውጭ አገር ከሆኑ የተስማማችሁበትን ገጽ ፎቶ አንሥታችሁ ላኩላቸው። "እሺ" ብለው እስኪመልሱላችሁ ድረስ ሻንጣችሁን ይዛችሁ አትግቡ።