ወንበሩ ላይ ማን ተቀምጧል?

ልጆች፣ «መምህር፣ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ እያስተማሩ ፊልም ውስጥ ምን ከተተዎት?» ትሉኛላችሁ። ልብ ወለድ ስናነብ ማን ይናገራል፣ ማንስ ዝም ተባለ እንላለን አይደል? ፊልም ላይም ያው ነው።

ሩቅ አትሂዱ። ኃይሌ ገሪማ የዚሁ የጎንደር ልጅ ነው። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለው ጥቁርና ነጭ ፊልሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ክፍል ውስጥ ሳሳየው ድምፁን አጠፋዋለሁ። ተማሪው መጀመሪያ ያጉረመርማል። ቆይቶ ግን ዓይኑ ሥራ ይጀምራል። ባላባቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ገበሬው ይሮጣል፣ ያጎነብሳል፣ ቆሞ ይጠብቃል። ስለ ጭሰኝነት ማንም ምንም ሳይነግራችሁ ሥርዓቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ፍትሕን በፊልም ማጥናት ማለት ለእኔ ይኸው ነው፤ መፈክሩን ትቶ ወንበሩን ማየት።

ደግሞ ፊልም ሕግ ይለውጣል ብላችሁ አትኩራሩ። በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ልጅት የጠለፈ ሰው ካገባት ከቅጣት ይድን ነበር። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ያን ቀዳዳ ደፈነው። ስለ ጠለፋ የተሠራው «ድፍረት» የተባለው ፊልም የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2014። የፍርድ ቤቱን ደጅ የጠኑት ሴት የሕግ ባለሙያዎች ናቸው። ፊልሙ ያደረገው ሌላ ነው፤ ጉዳዩን ከመዝገብ አውጥቶ ሳሎናችን አስገባው። ይህም ቢሆን ቀላል ሥራ አይደለም።

አሁን ሁላችሁም ስልክ ይዛችኋል። እዚሁ ጎንደር አጠገብ ያለችው የሸክላ መንደር ወለቃ ወርዳችሁ ሸክላ ሠሪዎቹን ትቀርጻላችሁ። የምታመጡልኝን አያለሁ። ጭቃ የነካው እጅ፣ ጭስ፣ አሳዛኝ ዋሽንት። (ዋሽንቱ በቃ፣ በእናታችሁ!) ሴትዮዋ ግን አንድ ቃል አልተናገረችም። አንድ ጀበና ስንት እንደምትሸጥ፣ ማገዶ ስንት እንደገባ፣ ነጋዴው ስንት እንደሚያተርፍባት አልጠየቃችኋትም። ሸክላ ሠሪውን «ቡዳ» ሲል በኖረ አገር፣ ፊቷን ቆርጦ እጇን ብቻ ማሳየት እንዲሁ የዋዛ ምርጫ አይደለም።

ስለዚህ ከመቅረጻችሁ በፊት አስፈቅዱ። አጠገቧ ቁጭ በሉ። ዋጋውን እሷ ትንገራችሁ። ቆርጣችሁ ስትጨርሱ ፊልሙን ለእኔ ከማምጣታችሁ በፊት ለእሷ አሳዩ። «ይቺን አውጡልኝ» ካለች አውጡ። ማርክ እኔ አልቀንስም።