የኋላ እግሩ እየተንሸራተተ መቆም ላቃተው ቡችላ

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት እባክሽ እንዳትጥዪው። ጀርመን ሼፐርድሽ ሁለት ብቻ ወልዳ፣ አንደኛው ቡችላ በ22ኛ ቀኑ እየተንገዳገደ መሄድ ሲጀምር ወፍራሙ ግን ሆዱ ላይ ተለጥፎ፣ የኋላ እግሮቹ እንደ እንቁራሪት ግራና ቀኝ ተዘርግተው ቀሩ ብለሻል። አንዱ ካልሲየም አስወጊው፣ ሌላው አይድንም ጣዪው ብሎሻል። የለጠፍሽውን ቪዲዮ ደጋግሜ አየሁት። ውሻ ሳረባ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ እንዲህ ያሉ ቡችሎች እጄ ላይ አልፈዋል፣ አብዛኞቹም ቆመው ሄደዋል። ያንቺም የሚሄድ ይመስለኛል፤ ግን ሥራው ዛሬ ይጀመር።

ጤነኛ ቡችላ ዓይኑን በ10 እና በ14 ቀን መካከል ይገልጣል፣ በ3ኛው ሳምንት ለመቆም ይታገላል፣ 4ኛው ላይ ይራመዳል። ስለዚህ በ22 ቀን አለመሄዱ ብቻውን አያስደነግጥም። ያሳሰበኝ አተኛኘቱ ነው፤ እግሮቹን ሰብስቦ ከሆዱ ሥር ማስገባት አይችልም፣ ሲንቀሳቀስም በደረቱ እየተገፋ ነው። ሐኪሞች «ዋናተኛ ቡችላ» የሚሉት ይህን ነው። መንስኤው አንድ ብቻ አይደለም። ጥቂት ሆነው የሚወለዱ ቡችሎች ጡቱ ሁሉ የእነሱ ስለሚሆን ቶሎ ይከብዳሉ፤ ጡንቻቸው ገና ሳይጠና ክብደቱ ይቀድመዋል። በዚያ ላይ ወለሉ የሚያንሸራትት ከሆነ እግር ሄዶ ሄዶ ይዘረጋል፣ ዳሌውም በዚያው ይለምዳል።

ከሁሉ በፊት ወለሉን ቀይሪ። ቪዲዮው ላይ ሴራሚክ ነው የሚታየው፣ ያነጠፍሽው አንሶላም ቡችላው በገፋ ቁጥር አብሮት ይሄዳል። ሊሾም ያው ነው። ሰሌንና የፕላስቲክ ምንጣፍ ራሳቸው ስለሚንሸራተቱ አይሆኑም። እኔ የምጠቀመው ከታች መኪና ውስጥ የሚነጠፈውን የጎማ ምንጣፍ፣ ከላይ ወፍራም ፎጣ ነው፤ የፎጣውን ጠርዝ ከጎማው ሥር አጥፌ አስገባዋለሁ። አጎዛ ካለሽም ጥፍሩ ስለሚይዝበት ግሩም ነው፣ ሽንትና ቁንጫ እንዳያጠራቅም ግን ቶሎ ቶሎ አራግፈሽ ፀሐይ ላይ አውጪው። አልጋው ደግሞ ልሙጥ አይሁን። ፎጣዎች ጠቅልለሽ ከሥር እዚህም እዚያም አድርጊ። ቡችላው ጠፍጣፋ ነገር ላይ በደረቱ ከዋለ ደረቱ ራሱ ይጠፈጥፋል፣ ያኔ የሚጨነቁት ልብና ሳንባው ናቸው። አባጣ ጎባጣ ላይ ሲሆን ሳይወድ በጎኑ ይተኛል። እንቅልፍ በወሰደው ቁጥር በጎኑ አስተኝተሽ ጀርባውን በጥቅል ፎጣ ደግፊው፤ አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ። ብዙ ሰው እግሮቹን በፕላስተር ማሰሩ ላይ ብቻ አተኩሮ ይህን ይረሳል፤ እኔ ግን ከማሰሪያው አላሳንሰውም።

ወደ ማሰሪያው እንምጣ። ከፋርማሲ የሚገዛውን በቀላሉ የሚላቀቅ የወረቀት ወይም የጨርቅ ፕላስተር፣ ስፋቱ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነውን ያዢ። አንድ ሰው ቡችላውን ከብብቱ ሥር ይዞ ያቁምልሽ። የኋላ እግር ላይ ወደ ኋላ የሚታጠፈውን መገጣጠሚያ ፈልጊ፤ ፕላስተሩ የሚዞረው ከዚያ በታች፣ ከመዳፉ በላይ ባለው ቀጥ ያለ አጥንት ላይ ነው። መጀመሪያ ስስ ጋዝ ጠምጥሚበት። ከዚያ ፕላስተሩን አንዱ እግር ላይ አዙረሽ፣ ወደ ሌላው አሻግረሽ፣ እሱንም አዙረሽ ተመለሽ። በሁለቱ እግሮች መካከል ድልድይ የሚሆነውን፣ የሄደውንና የተመለሰውን ፕላስተር፣ ሙጫ ያለበትን ፊት ለፊት አጣብቀሽ ሌላ ነገር ላይ እንዳይለጠፍ አድርጊው። የድልድዩ ርዝመት ከዳሌው ስፋት አይብለጥ፣ አይነስም፤ ቆሞ ከኋላ ስታዪው እግሮቹ ከዳሌው ቀጥ ብለው መውረድ አለባቸው። በጣም ካቀራረብሽው ይወድቃል፣ ካሰፋሽው ማሰርሽ ትርጉም የለውም።

ካሰርሽ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጣቶቹን ዳብሺ። ከቀዘቀዙ፣ ካበጡ ወይም ከጠቆሩ ያኔውኑ ፍቺው። ከዚያም በየቀኑ እዪው፤ በዚህ ዕድሜ ቡችላ በጣም ቶሎ ስለሚያድግ ዛሬ የላላው ከነገ ወዲያ ይጠብቃል። በሁለት በሦስት ቀን ቀይሪው። ስትፈቺ ፕላስተሩን በሞቀ ውሃ ወይም በጥቂት የምግብ ዘይት አርሰሽ ነው እንጂ ጎትተሽ አይደለም፤ ቆዳው ገና ስስ ነው። እናቲቱ ልሳ ወይም ነክሳ ልታወልቀው ትሞክራለች፣ ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት አትለዪያቸው።

እግሩን ማሰር ጡንቻ አይሰጠውም። ጡንቻ የሚመጣው በልምምድ ነው፣ ልምምዱም አጭርና ተደጋጋሚ መሆን አለበት። በቀን አንዴ ግማሽ ሰዓት ከምታደክሚው በየመጥቢያ ሰዓቱ አምስት አምስት ደቂቃ ብታሠሪው ይሻላል። ከመጥባቱ በፊት አድርጊው፣ ሆዱ ሲሞላ ይከብደዋል። እጅሽን ከሆዱ ሥር አድርገሽ አራቱም መዳፎቹ ፎጣውን እንዲነኩ አቁሚው፣ ክብደቱን ቀስ በቀስ ልቀቂለት፣ ሲንሸራተት መልሰሽ ያዢው። ከዚያ በጀርባው ሳይሆን በጎኑ አስተኝተሽ እያንዳንዱን እግር ቀስ ብለሽ እጠፊ፣ ዘርጊ። የመዳፉን ሥር በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ፈተግ ፈተግ ስታደርጊው እግሩን ራሱ ይሰበስባል። የምትፈልጊው ያንን መሰብሰብ ነው፤ ራሱ የሚያደርገው እንቅስቃሴ አንቺ ከምታንቀሳቅሺለት ይበልጣል።

ውሃም በጣም ይረዳል። ሳፋ ውስጥ 37 ዲግሪ ገደማ የሆነ፣ ክንድሽ ላይ ለብ የሚል ውሃ አድርጊ፤ ጥልቀቱ ትከሻውን ይድረስ። መዳፍሽን ከደረቱ ሥር አድርገሽ አገጩን ከውሃው በላይ ያዢለት። መጀመሪያ ደንዝዞ ዝም ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ የፊቶቹ ይቀዝፋሉ፣ ቀጥሎ የኋላዎቹ አንዴ፣ ከዚያ ደግሞ አንዴ ይገፋሉ። እነዚያ ሁለት ግፊቶች የዕለቱን ሥራ ሠሩልሽ ማለት ነው። ከሁለት ሦስት ደቂቃ አታሳልፊ። ይህን በቀትር አድርጊው፣ አዲስ አበባ ማታ ብርድ ነው፤ ቡችላ ደግሞ በዚህ ዕድሜው የራሱን ሙቀት በደንብ መጠበቅ አይችልም። በፎጣ እስኪደርቅ አሻሽተሽ ወደ እናቱ መልሺው።

ስለ ምግቡ፦ ወፍሯል ብለሽ ከጡት አትከልክዪው። በየቀኑ በኩሽና ሚዛን መዝኚው፣ ጡት ለመድረስ ትንሽ እንዲጓዝም ከእናቱ ራቅ አድርገሽ አስቀምጪው። የላም ወተት አትጨምሪ፤ የውሻ ወተት በስብም በፕሮቲንም የላሙን እጥፍ ገደማ ስለሆነ አይተካውም፣ ተቅማጥም ያመጣል። በጡጦ መስጠት ግድ ከሆነ ሆዱ ወደ ታች እንደሆነ ስጪው፤ በጀርባው ተንጋሎ የሚጠባ ቡችላ ወተቱ ሳንባው ይገባል፣ ደረቱ የጠፈጠፈ ከሆነ ደግሞ አደጋው የባሰ ነው።

የካልሲየሙን መርፌ ተዪው። እናቲቱ በደንብ እየበላች ጡት የሚጠባ የ3 ሳምንት ቡችላ ችግሩ ካልሲየም አይደለም፤ እንደ ሼፐርድ ትልቅ በሚሆን ዝርያ ላይ ደግሞ ከልክ ያለፈ ካልሲየም ራሱ አጥንት ያበላሻል። የካልሲየም እጥረት የሚመጣው በኋላ፣ ጡት ከጣለ ወዲያ በሳንባና በሥጋ ብቻ ሲያድግ ነው፤ ያኔ እግሩ ይቆለመማል፣ በትንሽ ዝላይ ይሰበራል። ለዚያም ቢሆን እንደ ሕፃን ልጅ ፀሐይ ላይ ማዋል አይበቃውም፤ የውሻ ቆዳ ከፀሐይ የሚያገኘው ቫይታሚን ዲ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ከምግብ ማግኘት አለበት።

አሁን አንድ ነገር አረጋግጪልኝ። ቡችላው ጸጥ ባለበት የኋላ እግሩን ጣት በጥፍርሽ ቆንጠጥ አድርጊ። እግሩን ወደ ራሱ ከሳበና ዞር ብሎ ካየሽ ወይም ከጮኸ ስሜቱ አለ፣ እስካሁን ያልኩሽ ሁሉ ይሠራል። ምንም ካልተሰማው የጀርባ አጥንት ወይም የነርቭ ነገር ሊሆን ስለሚችል ፕላስተር እያሰርሽ ጊዜ አታባክኚ። እንዲሁም እግሩ ልል መሆኑ ቀርቶ እንደ እንጨት ደርቆ ቀጥ ካለ፣ በተለይ ቀድሞ ይታጠፍ የነበረ ከሆነ፣ ኒኦስፖራ የሚባል ጥገኛ ተውሳክ ይጠረጠራል። እናቲቱ ጥሬ ሥጋ ወይም የእርድ ተረፈ ምርት ስትበላ ይይዛትና በማህፀን ወደ ልጆቿ ይተላለፋል። መድኃኒት አለው፤ ጡንቻው ደርቆ ከቀረ በኋላ ግን መድኃኒቱም አይመልሰውም፣ ስለዚህ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ድዱ ከነጣ ደግሞ ትል ወይም ቁንጫ ደሙን ጨርሶት ሊሆን ይችላል። የትል መድኃኒት ለቡችላ ከ2ኛ ሳምንቱ ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ ይሰጣል፤ ካልጀመርሽ መጠኑን በክብደቱ አስወስኚ። ለሰው የሚሰጥ ማስታገሻ፣ ፓራሲታሞልም ሆነ አይቡፕሮፌን፣ እንዳትሰጪው።

እናቲቱን ወይም ቡችሎቹን የማይታወቅ ውሻ ነክሷቸው ከነበረና አሁን ድካም፣ ለሃጭ ማዝረብረብ ወይም መንጋጋ መውደቅ ካየሽ በባዶ እጅሽ አትንኪያቸው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ሽባ አድርጎም ይመጣል። የነከሰሽ ወይም ለሃጩ ቁስል ላይ የነካሽ ከሆነ 15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና ታጥበሽ በቀጥታ ጤና ጣቢያ ሂጂ።

ቅርብሽ ያለው ክሊኒክ ቡችላ ብዙ የማያይ ከሆነ ቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ሆስፒታል አለ፤ መንገዱ አይክበድሽ። በዚህ ዕድሜ የተጀመረ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ለውጥ ያሳያል። ለውጡም በቅደም ተከተል ነው፤ መጀመሪያ ራሱ በጎኑ መተኛት ይጀምራል፣ ቀጥሎ ቂጡን አንስቶ ይወድቃል፣ ከዚያ ይቀመጣል፣ መቆሙ የሚመጣው በኋላ ነው። በጎኑ ተኝቶ ስታገኚው እየሠራ እንደሆነ እወቂ። 10 ቀን ሠርተሽ ምንም ካላየሽ ሐኪም ጋ ውሰጂው፤ ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ጡት ከተወ ግን 10 ቀኑንም አትጠብቂ።

የጣት ቁንጠጣው ምን እንዳሳየሽ፣ ክብደቱም ስንት እንደሆነ ማታ ጻፊልኝ። ከላይና ከጎን የተነሳ ፎቶ ብትጨምሪ የደረቱን ቅርጽ አይቼ እነግርሻለሁ።